ባትሪ የበዛባት ክፍል

እኔ ከሰበታ፣ ጓደኛዬ ገመቹ ከቡራዩ ሆነን በአንድ የጠፈር በረራ ጌም ውስጥ ከውጭ አገር ልጆች ጋር የጠፈር ጣቢያ እንሠራለን። ሁሉም የየራሱን ክፍል ነድፎ ያመጣና እዚያው ሰማይ ላይ ይገጣጠማል። መሪያችን ጀርመናዊ ነው። የኛን ክፍል ሲያይ «ይሄ ሁሉ ባትሪ ለምንድነው? ጣቢያው ሶላር አለው፤ ከባድ ነው፣ ቀንሱት» አለን። ገመቹ በስልክ «እሱ ሰፈር መብራት ጠፍቶ አያውቅም መሰለኝ» አለኝ። እኔም አንቀንስም ብዬ ድርቅ አልኩ።

የመጨረሻዋ ክፍል ልትገጠም ስትመጣ ፈጠነችና ሶላሩን ገጭታ ገነጠለችው። ጣቢያው ድርግም አለ፤ የኛ ክፍል ብቻ እያበራች ቀረች። ከሷ ባትሪ ለሌሎቹ ኃይል ስለቅላቸው መብራታቸው ተራ በተራ በራ። ገመቹ በስልኩ «ጀባዱ፣ ጀባዱ» እያለ በኦሮምኛ በርታ ይለኛል።

መሪው «እንዲህ እንደሚሆን በምን አወቃችሁ?» ብሎ ጻፈ። መልሱን ስጀምር ሳሎን የእናቴ ቴሌቪዥን ጸጥ አለ። መብራት ሄደ። ላፕቶፔ በባትሪ፣ ኢንተርኔቱም ከስልኬ ስለሆነ ማንም አልነቃብኝም።

«ልምድ ነው» ብዬ ላክሁለት።