ያዝ ለቀቅ

እንዴት አደርሽ እህቴ? መልክሽ ዛሬ መለስ ብሏል። በዚህ ክፍል ካሉት አራት አልጋዎች ፀሐይ የደረሰው ላንቺ ብቻ ነው። ቆጠርኳቸው፤ የኔን አመል ታውቂው የለ? ልጅሽ መስኮቱ ጋ ቆሞ ስልክ ሲያወራ ትንሽ ጋረደብሽ እንጂ... ተይው፣ አይነካ። ሥራ ላይ ነው።

የማወራሽ ስለ እሱ እንዳይመስልሽ። ሌላ የማውቀው ሰው አለ፤ ሙያቸው አንድ ሆኖ ነው።

ይሄ የማውቀው ሰው ብልህ ነው። ልብ ሲጎዳ ወደ ደም የሚያፈሰው ነገር አለ አሉ፤ ትሮፖኒን ይሉታል። እሱን ለይቶ የሚይዝ ደግሞ አንቲቦዲ የሚባል አለ። ሰውዬው ታዲያ አንቲቦዲውን ይቆርጠዋል። ጅራቱን ጥሎ የሚይዝበትን ጫፍ ብቻ ያስቀራል። እኔ በመቀስ ያደግሁ ልብስ ሰፊ፣ ዕድሜዬን ቁራጭ ስጠርግ ኖሬ፣ ቁራጭ እንዲህ ሲከበር አየሁ። ቁራጯ ከምትፈልገው በቀር ማንንም አትነካም፤ ዘመድ ብትይ ጎረቤት ብትይ አታውቅም። ሠሪዋን መሰለች ማለቴ አይደለም...

ደግሞ ይዛ አትቀርም። መሣሪያ ውስጥ ተቀምጣ የልብን ጉዳት የምትናገር እሷ ናት፤ ይዛ ከቀረች የምትናገረው አንዴ ብቻ ነው። ልብን ሁልጊዜ ለመከታተል ቶሎ ይዛ ቶሎ መልቀቅ አለባት፤ ያዝ ለቀቅ። ሰውዬው የእናቱንስ እጅ እንዲሁ አይደል የሚይዘው? ትናንት መጣ፣ ያዘ፣ ለቀቀ። ሙያ መቼም እጅ ውስጥ ይገባል።

እናቱ አንድ ማለዳ ደወለችለት አሉ። «ደረቴን ያዝ ለቀቅ ያደርገኛል» አለችው። ያውም በያዝ ለቀቅ ላይ ለተመራመረ ሰው። ምን ቢላት ጥሩ ነው?

«ጨጓራሽ ነው እማዬ፤ ወተት ጠጪበት።»

ውለታ መላሽ ነው፤ የጠባውን መለሰላት።

ጎረቤቷ ደግፋ ሐኪም ቤት ባታደርሳት ኖሮ... ብቻ ይቅር። ጣቷን ወጋ አድርገው በመሣሪያ ቢያዩት፣ ልቧ ነበር። መሣሪያው ውስጥ ያለችው ቁራጭ የማን ሥራ እንደሆነች አልጠየቅሁም። የእሱ ከሆነች እሰየው፤ ልጇ ያልሰማትን የልጇ ቁራጭ ሰማቻት። ልብ ያለው ልብ ይላል አይደል የሚባለው? እሱ ደግሞ ልብ የሚል ነገር ሠርቶላት፣ ራሱ ልብ ከማለት ዐረፈ።

ነገ ትወጣለች፤ ሐኪሙ ግን ለብቻዋ እንዳታድር አሉ። እሱ ደግሞ ነገ ይበራል፣ ስለ ልብ ክትትል ንግግር ሊያደርግ። ቅር ልበለው? እኔ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ይወጣል? እናቱ ገበያ የሄደችበትና እናቱ የሞተችበት እኩል ያለቅሳሉ ይባላል። እናቱ ታማ የተኛችበት ግን... ስብሰባ ይሄዳል። ስንት ሕዝብ ልቡን ይዞ እየጠበቀው! የአንዲት እናት ልብማ መጠበቅ ለምዷል።

ምነው፣ ልጅሽ ስልኩን ዘጋው? ይቀጥል በይው እንጂ፣ እኛ የምናወራው ስለ ሌላ ሰው ነው።

በይ እንግዲህ፣ ያንን ሰው ልመርቀው። መንገዱን ያቅናለት። የሚያጨበጭብለትን ያብዛለት። ልጅ ይስጠው፤ ቁርጥ እሱን። ዕድሜም አይንፈገው፤ አርጅቶ አልጋ ላይ ሲውል ያ ልጁ፣ እሱ እናቱን እንደጦራት አድርጎ፣ ሳያጎድል ሳይጨምር ይጡረው።

አሜን በይ እንጂ እህቴ... ምርቃት እኮ ነው።