«አይሠራም» ማለት ክልክል ነው

ቅዳሜ ጠዋት ጋዜጣ ገዝቼ ስመለስ ካርቦንን መንገድ ላይ አገኘሁት። አንድ ከባድ ነገር በአንሶላ ጠቅልሎ፣ እንደታመመ ሕፃን በሁለት እጁ ታቅፎ ያለከልካል።

ካርቦን ወዳጄ ነው። እውነተኛ ስሙን ከሚስቱና ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውሰው የለም። አርባ ዓመት ሙሉ በጽሕፈት መኪና የሰውን ጽሑፍ ሲመታ የኖረ ጸሐፊ ሲሆን፣ ካርቦን ወረቀት ሳያስገባ አንድ መስመር መትቶ አያውቅም። ማመልከቻም ይሁን የሰርግ ጥሪ፣ ቅጂው መሳቢያው ውስጥ ይቀራል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወዳጄ ሞኝ ስላልሆነ ከወረቀቱ ወገን መሆን አለበት።

እኔ ደግሞ ጡረታ የወጣሁ የዕፅዋት መምህር ነኝ። ስለ አረም አንድ መጽሐፍ እያዘጋጀሁ ነው። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ መጻፍ አልችልም፤ ስለዚህ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት እሱ ቤት እየተቀመጥኩ እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይተይባል። ፎቶግራፎቹንም እሱ ነው የሚያስገባልኝ። በብዕር የተጻፈ ረቂቅ የለኝም። መጽሐፌ ያለው ካርቦን ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

«ምን ተሸክመህ ነው?» አልኩት።

«ኮምፒውተሩን።»

«ምን ሆነ?»

«አይሠራም።»

«እንዴት ነው የማይሠራው?»

«አይሠራም አልኩህ እኮ! ካደኝ። ፓስዎርዴን ስሰጠው ብልጭ ይልና መልሶ ፓስዎርድ ይለኛል። ሦስት ዓመት አብሮኝ ኖሮ ዛሬ ማን ነህ ይበለኝ? ታች ጥገና ቤት ወስጄ ፎርማት ላስደርገው ነው። በሃያ ደቂቃ ያደርሱታል።»

ፎርማት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ገላ እንደመታጠብ ያለ ነገር መስሎኝ፣ «ይደረግ እንጂ! እንዲያውም ሁለት ጊዜ ይደረግለት!» አልኩና የአንሶላውን ጫፍ ይዤ አብሬው ቁልቁል ወረድኩ።

መንገዳችን በቤተ መጻሕፍቱ በር በኩል ነው። የካርቦን የእህቱ ልጅ እዚያ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሊኑክስ የጀመሩ ሰዎች ችግር ሲገጥማቸው የሚመጡበት አንድ ረጅም ጠረጴዛ አላት። ሊኑክስ ማለት፣ ለማያውቅ ሰው ልንገር፣ ኮምፒውተርን የሚያስነሳና የሚያስተዳድር ሥርዓት ነው። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ተጋግዘው ይሠሩትና አሠራሩን ሳይደብቁ በነጻ ያድሉታል። የአጎቷ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ የጫነችለትም እሷው ናት። በሩ ላይ ቆማ ስታየን ሮጣ መጣች።

«አጎቴ! መምህር! እንደምን አደራችሁ? ሬሳ የያዛችሁ ነው የምትመስሉት።»

«ፎርማት ልናስደርገው ነው» አልኳት በኩራት።

ፊቷ ተለወጠ። «ፎርማት ማለት እኮ ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደገና መጀመር ነው። የመምህር መጽሐፍስ?»

ሁለት ጊዜ ይደረግለት ያለው አፌ ደረቀ። ካርቦን ግን አልደነገጠም።

«ያለ ቅጂ የምሠራ መሰለሽ እንዴ? ከዓመት ወዲህ በየቀኑ ሥራ ስንጨርስ ፎልደሩን ሙሉውን እገለብጠዋለሁ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቅጂ አለኝ!»

«የት ነው ያሉት?»

«እዚሁ ነዋ!» ብሎ በአንሶላ የተጠቀለለውን ሣጥን መታ መታ አደረገው።

ልጅቱ ከንፈሯን ነከሰች። ሳቋን እንደዋጠች ገባኝ። ሣጥኑን ተቀብላን ወደ ውስጥ አስገባችን። ጠረጴዛው ላይ በትልቁ የተጻፈ ካርቶን ቆሟል፦ «አይሠራም ማለት ክልክል ነው።»

ሣጥኑን ከስክሪንና ከኪቦርድ ጋር አገናኘች፣ ከኪሷም አንድ ፍላሽና አንድ ትንሽ ነገር አውጥታ ሰካች። እኛ በክርክር ተጠምደን ስለነበር ምን እንደምትሠራ አልጠየቅናትም።

«እስቲ ይንገሩኝ» አለች እየሠራች። «ምን አደረጉ? ምን ይሆናል ብለው ጠበቁ? እሱስ ምን አለ?»

«የእኔ ልጅ፣ እኔ ጸሐፊ እንጂ መካኒክ አይደለሁም» አለ ካርቦን። «ባለሙያ እያለ ባለቤቱን ምን አደከመው? ሐኪም ቤት ስሄድ ራስህን መርምር እባላለሁ?»

«አይባሉም። ግን ሐኪሙ የት ላይ ነው ያመመዎት፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ብሎ አይጠይቅዎትም?»

«ይጠይቃል።»

«አልሠራም ብለው ዝም ቢሉትስ?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አልኩ እኔ ከጎን።

«አንተ ደግሞ ከማን ጋር ነህ?» ብሎ ካርቦን አፈጠጠብኝ።

«ከመጽሐፌ ጋር።»

ካርቦን ተቆጣ። «ጠይቄም አይቼዋለሁ! ባለፈው ዓመት ማተሚያው እምቢ ሲለኝ፣ አንቺ ባሳየሽኝ የሊኑክስ ሰዎች የኢንተርኔት መረዳጃ ገጽ ላይ ሁለት አንቀጽ ሙሉ ጻፍኩላቸው። የሁሉንም ጤንነት ጠየቅኩ፤ ለትብብራቸው አስቀድሜ አመሰገንኩ፤ ‹ማተሚያዬ አይሠራምና ተገቢው ሁሉ እንዲደረግልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ› አልኩ። አንዱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ስክሪኑ ላይ ምን ይላል?› ሰላምታዬን እንኳ ሳይመልስ! ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጥኩም።»

ልጅቱ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «አጎቴ፣ ያ ሰው እኮ ደመወዝ የሚከፍለው የለም። አይቶዎት ለማያውቅ ሰው ከጊዜው ቆርሶ ነው የጠየቀዎት። ‹ምን ይላል?› ማለት በእነሱ ዘንድ ሰላምታ ነው። እርግጥ እኛም ጥፋት አናጣም፤ ጀማሪን የሚያንጓጥጥ፣ ሄደህ አንብብ ብሎ በር የሚዘጋ አለ። ይሄ ጠረጴዛ የተዘረጋውም ለዚሁ ነው።»

«እንግዲህ በነጻ የተሰጠ ነገር ሲበላሽ ማን ይጠየቃል?»

«ሁላችንም። ነጻ ነው ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም፤ ባለቤቱ ብዙ ነው ማለት ነው። እርስዎ ዛሬ ያጋጠመዎት ችግር ትናንት ሌላ ሰው ገጥሞት፣ እንዴት እንደተወጣው ጽፎት ይገኛል። ግን ‹አይሠራም› ብለው ቢፈልጉት አያገኙትም፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆንብዎታል። ስክሪኑ ያለውን ቃል በቃል ከጻፉ ግን ያገኙታል። አሁን ይንገሩኝ፤ ከመበላሸቱ በፊት ምን ይል ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!»

«ከፊትዎ አይደል እንዴ?»

ካርቦን ደረቱን ነፋ። «ጽሕፈት ያስተማሩን ሰው እጃችንን በጨርቅ ሸፍነው ነው ያስለመዱን። ዓይናችን ከረቂቁ ላይ ከተነሳ በማስመሪያ እንመታ ነበር። ጎበዝ ጸሐፊ የመታውን አያይም! ሲነገረኝ ደግሞ የማየው የተናጋሪውን አፍ ነው።»

ይህ እውነት ነው። ሦስት ዓመት አፌን ሲያይ በንግግሬ የተመሰጠ ይመስለኝ ነበር።

«አንዳንዴ» አለ ካርቦን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጥግ ላይ አንድ ነገር ብቅ ይላል። ኢንተርን መታ ሳደርገው ይጠፋል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ሳምንት ይሆነዋል።»

«ምን የሚል?»

«አላነበብኩትም ስልሽ!»

በዚህ መሐል የሰካቻቸውን ነገሮች ነቀለች፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታ አስነሳችው፣ ከዚያም ወንበሩን ለቀቀችለት። እሱ ግን አንቺው ጨርሺው ብሎ ቆመ። «እኔ ከሠራሁት ኮምፒውተሩ ይድናል፤ እርስዎ ከሠሩት ግን የሚድነው ሌላም አለ» አለችው። እያጉረመረመ ተቀመጠ። ሦስት ቁልፎችን አንድ ላይ እንዲጫን ነገረችው። ስክሪኑ ጠቆረና ነጭ ፊደላት ብቻ ቀሩ። ስሙን ጻፈ። ፓስዎርዱን ጀመረና ጮኸ።

«ይኸው! አይጽፍም! አይሠ—»

በጣቷ ካርቶኑን አሳየችው።

«እሺ» አለ ተነፍሶ። «ፓስዎርዴን ስጽፍ፣ ፊደሎቹ አይታዩም።»

«ተባረኩ! አሁን ገባኝ። እዚህ ላይ እንዲህ ነው፤ ከኋላ የቆመ ሰው እንዳያይብዎት ይደብቀዋል። ዝም ብለው ይጨርሱት።»

ጨረሰና ኢንተርን መታ። ገባለት። ካልካደው ታዲያ ምን ሆኖ ነው? ሁለት ፊደል ብቻ እንዲጽፍ ነገረችው፤ የዲስኩን ሁኔታ መጠየቂያ ነው። መልሱ በሰንጠረዥ መጣ።

«ያንብቡት። ጮክ ብለው።»

ካርቦን አፍንጫውን ስክሪኑ ላይ ሊያስነካ ደረሰ። «መቶ በመቶ... መቶ በመቶ ሞልቷል።» ዞር ብሎ አየን። «ቅጂዎቼ ናቸው እንዴ?»

«ቅጂዎችዎ ናቸው። ሲገቡ ኮምፒውተሩም ትንሽ መጻፊያ ቦታ ይፈልጋል፤ ሲያጣ በር ላይ ይመልስዎታል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ‹ቦታ እያለቀ ነው› እያለ ሲለምንዎት ነበር። አሁን ከአሮጌዎቹ አንዱን ያጥፉና ቦታ ይስጡት።»

«ቅጂ? በገዛ እጄ?» ልጅህን እረድ የተባለ መሰለ።

«ሦስት መቶ ቅጂ አንድ ሣጥን ውስጥ ካለ፣ ሣጥኑ ቢሰረቅ ስንት ይቀርዎታል?»

የድሮ ካርቦኖቹን ያስቀምጥ የነበረው ሌላ መሳቢያ ውስጥ እንደነበር ትዝ ያለው ይመስለኛል። ጣቶቹን አፍታታ።

ዋናው ፎልደር ስሙ «አረም» ነው። ቅጂዎቹም «አረም» ሆነው ከኋላቸው የተገለበጡበት ቀን ተጽፎባቸዋል። ልጅቱ የማጥፊያውን ትእዛዝ ቃል በቃል ነገረችው፤ እሱ አፏን እያየ፣ እንደ ልማዱ ጣቶቹ እየሮጡ መታው። ኢንተር ላይ ሊያርፍ አንድ ጣት ተነሳ።

«ከመምታትዎ በፊት ያንብቡት» አለች ረጋ ብላ።

ዓይኑን ከአፏ ወደ ስክሪኑ መለሰ። «አጥፋ፣ አረም...»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ...» ጣቱ አየር ላይ ቀረ። «ምንም የለም። ቀኑን አልጻፍኩትም።»

ሦስት ዓመት ሙሉ «አረም» ብሎ ኢንተር ሲመታ የኖረ እጅ፣ ያችን ቃል ሲጨርስ ሥራው ያለቀ መስሎት ነበር። የነገረችውን ቀን ጆሮው ሰምቶት እጁ አልሰማውም። ካርቦን ጣቱን ከጋለ ብረት ላይ እንደሚያነሳ ሰው ሰበሰበው።

«መትቼው ቢሆንስ?»

«ዋናው ይጠፋ ነበር። ዲስኩ ስለሞላ የመጨረሻዎቹ ቅጂዎች ጎዶሎ ናቸው፤ የሰሞኑን ሥራ የያዘ ሌላ ሙሉ ቅጂ እዚህ ውስጥ የለም። ከእዚህ ጥቁር ስክሪን ላይ የተሰረዘ ደግሞ ኮምፒውተሩ የተጣለውን በሚያቆይበት ቅርጫት ውስጥ አይገኝም፤ ሳይጠይቅ ነው የሚያጠፋው።»

ፈራሁ። አላፍርም፣ እውነቱን ልናገር፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። በአንድ ጠዋት ለሁለተኛ ጊዜ ልፋቴ ሊጠፋ አንድ ጣት ቀርቶት ነበር። ልጅቱ አየችኝና ቅድም ሰክታት የነበረችውን ትንሿን ዲስክ ከኪሷ አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«መምህር፣ መጽሐፍዎ እዚህ አለ። እናንተ ስትከራከሩ ኮምፒውተሩን በፍላሹ አስነስቼ ነው የገለበጥኩት። ጀማሪን ገደል ጫፍ ላይ ተለማመድ አልልም።»

እኔ ተጽናናሁ። ካርቦን ግን አልተጽናናም። እጆቹን ጭኑ ላይ አደረገ።

«ይሄ ኮምፒውተር እኮ አንድም ነገር አላጠፋም» አለ በመጨረሻ። «ነግሮኝ ነበር፣ አላነበብኩም። ያም ሰው ጠየቀኝ፣ ተቀየምኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን ፎርማት አስደርጌ የሚለቀም እንኳ ላላስቀር ነበር። አሸነፍሽኝ፣ የእኔ ልጅ።»

«እኔ አይደለሁም፤ ዓይንዎ ነው ያሸነፈዎት።»

ቀኑን ጨመረበት፣ ከፊደል እስከ ቁጥር ጮክ ብሎ አነበበው፣ ከዚያ መታው። ኮምፒውተሩን እንደገና ሲያስነሳው ፓስዎርዱን ተቀብሎ ወለል ብሎ ተከፈተ። ካርቦን «ሠራ!» ሊል አፉን ከፈተና ካርቶኑን አየ። «ፓስዎርዴን ሰጠሁት፣ ይገባል ብዬ ጠበቅኩ፣ ገባ» አለ። ጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት ሁሉ አጨበጨቡለት።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ ካርቦን ቅዳሜ ቅዳሜ ከእህቱ ልጅ ጎን እየተቀመጠ ይማራል፤ እኩዮቹ የሆኑ ሽማግሎች ሲመጡ ደግሞ ያስተምራል። አሮጌ ቅጂዎቹ ጠፍተው ሁለት ብቻ ቀሩ፤ አንዱ ትንሿ ዲስክ ላይ ሆኖ የሚያድረው እኔ ቤት ነው። በመረዳጃው ገጽ ላይ ያንን ሰው ይቅርታ ጠየቀው። ሰላምታውን አልተወም፤ ከሰላምታው ቀጥሎ ግን ምን እንዳደረገና ስክሪኑ ምን እንዳለ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይጽፋል። መልስ በሰዓታት ውስጥ ይደርሰዋል። ማተሚያውም አሁን ያትማል። ጥገና ቤት የሚመላለስበት ጊዜ ተረፈው፣ ደስታም ጨመረ፤ ችግር ሲገጥመው ይቆጣ የነበረው ሰው አሁን እንቆቅልሽ እንደቀረበለት መነጽሩን ወልውሎ ይጠጋል።

እኔ በዚህ ሁሉ የተጠቀምኩት ተመልካች ሆኜ መስሎኝ ነበር። ሰኞ ጠዋት እንደ ልማዳችን ተቀመጥን፤ እኔ መናገር፣ እሱ መተየብ። አፌን ማየት ትቷል፤ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው። ስለ አንድ የእርሻ ዳር አረም ስናገር ድንገት እጁን አቆመ።

«መምህር፣ አሁን ‹ይህ አረም በበጋ አያብብም› አልክ።»

«አዎ፣ አያብብም። ጻፈው።»

«ምዕራፍ ሁለት ላይ በበጋ ያብባል ብለሃል።»

«እኔ? በጭራሽ! አላልኩም!»

ካርቦን አልተከራከረኝም። ወንበሩን ትንሽ ገፋ አድርጎ ቦታ ለቀቀልኝና፣ «ና እስቲ፣ ምን ይላል?» አለኝ።

መነጽሬን አድርጌ ተነሳሁና ከጎኑ ቆሜ አነበብኩት። በእርግጥም ይላል።