አሥራ አራቱ ምንጣፎች

(በሳሞአ፣ በሳቫኢ ደሴት፣ በአንድ የባሕር ዳር መንደር፤ የፓርላማ ዕጩዎች ምዝገባ በሚያበቃበት ቀን ረፋድ ላይ፣ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ፌቱ በመንደሩ ሹም በፔቴሎ በረንዳ ላይ የአክስቷን የዕጩነት ወረቀት ይዛ ቆማለች።)

ፌቱ፦ እስክሪብቶ ጠፍቶብዎት ከሆነ ይኸው ጋሼ ፔቴሎ። አክስቴ ከተማ ለማስተማር ከሄደች ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ እጇም እግሯም እኔ ነኝ። አሥራ አራት ሰው ሞተ፤ በአሥራ አራቱም ለቅሶ የስጦታ ምንጣፏን ያደረስኩት እኔ። አንድም አላመለጠኝም። ነገ ፓርላማ ስትገባ "ያስገባቻት ፌቱ ናት" ይባላል፤ ይቺን ይያዙልኝ።

ፔቴሎ፦ እስክሪብቶ አልጠፋኝም። አልፈርምም ነው ያልኩሽ።

ፌቱ፦ ወረቀቱን ወደ ከተማ የምትወስደው መርከብ እኮ በስድስት ሰዓት ትነሳለች።

ፔቴሎ፦ አውቃለሁ። ሕጉንም አውቃለሁ። ዕጩ የቤተሰቡን የአለቃነት ማዕረግ ይያዝ ይላል፤ አክስትሽ መምህርት ታይማኔ ይዛለች። ሦስት ዓመት ሳያቋርጥ በለቅሶም በደስታም የመንደሩን ግዴታ የተወጣ ይሁን ይላል፤ የኔ ምስክርነት የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው።

ፌቱ፦ አራተኛ ክፍልን ስላስደገመችዎት ነው አይደል? መንደሩ ሁሉ ያወራዋል።

ፔቴሎ፦ መንደሩ አሳንሶ ነው የሚያወራው፤ ሁለቴ ነው ያስደገመችኝ። በሁለተኛው ማንበብ ቻልኩ። አውሎ ነፋስ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ በወሰደው ዓመት ማንጎው ሥር ሰብስባ ስታስተምረን፣ ዝናብ ሲመጣ መጻሕፍቱን ሻርፗ ውስጥ ጠቅልላ እሷ ትበሰብስ ነበር። የሷን ነገር ለኔ አትንገሪኝ።

ፌቱ፦ ታዲያ ያንን ጣሪያ ልትጠይቅ ከተማ ሄዳ ሦስት ቀን ኮሪደር ላይ እንዳስቀመጧት ያውቃሉ። "ሁለተኛ ስመጣ የምቀመጠው ፓርላማ ወንበሬ ላይ ነው" ብላቸው ተመለሰች። ሃያ ስድስት ዓመት ጠመኔ ይዛ የጠበቀችው ወንበር በእርስዎ አንድ ፊርማ ይቅር?

ፔቴሎ፦ ለአፍ ዳገት የለውም። እስኪ ልጠይቅሽ፤ ለቅሶ ላይ ምንጣፍ ሲመጣ ምን ይደረጋል?

ፌቱ፦ ይዘረጋል፣ ሰው አይቶ ያደንቃል።

ፔቴሎ፦ ከዚያ በፊት።

ፌቱ፦ ስም ጠሪው ሽማግሌ የሰጪውን ስም ጮክ ብሎ ይጠራል።

ፔቴሎ፦ ስሙን ማን ይነግረዋል?

ፌቱ፦ ያመጣው ሰው ነዋ።

ፔቴሎ፦ ይህ መንደር መዝገብ የለውም፤ መዝገቡ የሰው ጆሮ ነው። በአሥራ አራቱም ለቅሶ ተቀምጫለሁ። የመምህርት ታይማኔን ስም አንድም ቀን አልሰማሁም።

ፌቱ፦ ሽማግሌው እኮ እያረጁ ነው፤ ይረሳሉ።

ፔቴሎ፦ የሌላውን ሁሉ አስታውሰው ያንቺን ብቻ ረሱ?

ፌቱ፦ እሺ። የአባቴን ስም ነው የነገርኳቸው። "ከታቪታ ቤት" አልኳቸው።

ፔቴሎ፦ ባሕር ላይ የቀረው የመምህርት ወንድም።

ፌቱ፦ ማዕረግ ስላልነበረው በሰው ፊት ስሙ ተጠርቶ አያውቅም። ዓሣውን ሁላችሁም በላችሁ፣ ስሙን ያነሳ ግን የለም። መጀመሪያ አንዴ ብቻ ብዬ ነበር። ሽማግሌው በዚያ ወፍራም ድምፃቸው "ታቪታ" ሲሉ ሰዉ ሁሉ ቀና አለ። ከዚያ በኋላ መተው አቃተኝ። ቤተሰቡ አንድ ነው፣ ምን ለውጥ አለው ብዬ ... አክስቴ ሰምታለች?

ፔቴሎ፦ አምና ለቄሱ እናት ቀብር ከከተማ መጥታ ከኋላ ቆማ ነበር። የወንድሟ ስም ሲጠራ ፊቷን ሸፈነች። ትናንት ደውዬ ጉዱን ብነግራት፣ ልጅቷን እንዳትጠይቃት አለችኝ። ያንን ስም ከአፏ ከምነጥቃት ወንበሩ ይቅርብኝ አለች።

ፌቱ፦ ይቅርብኝ አለች?

ፔቴሎ፦ አለች። እኔ ደግሞ ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ አልፈርምም፤ እንዲህ አድርጋ ያስተማረችኝ እሷው ናት። ሽማግሌዎቹ አሁን ስብሰባ ቤት ተቀምጠዋል። ምንጣፉን ያመጣችው ልጅ ራሷ ቆማ የማን እንደነበር ከተናገረች፣ እዚያው እፈርማለሁ።

ፌቱ፦ አሥራ አራቱንም? ለአባቴ አንዷ እንኳ አትቀርለትም?

ፔቴሎ፦ አንዷም።

ፌቱ፦ (ወረቀቱን እያጠፈች) አንዷን ብቻ ጋሼ።

ፔቴሎ፦ መርከቧ አትጠብቅም።

ፌቱ፦ ይሁን፤ እሄዳለሁ። ግን እንዲሁ አልገባም። አንደበቴን ያውቁታል፤ ከማንጎው ዛፍ እጀምራለሁ፣ ስለ ባሕሩ ትንሽ ጣል አደርጋለሁ፣ ሽማግሌዎቹን አስለቅሼ ወደ አክስቴ እመለሳለሁ፣ ሲጨርሱ እኔን ራሴን ካልመረጥን እስኪሉ ድረስ ...

ፔቴሎ፦ "ዋሽቻለሁ" በይና ተቀመጪ።