ቤቱ ለልጄ፣ አላባው ለእኔ

የባለቤቴ አርባ እንደወጣ ወንድሙ ከአዲስ አበባ ደውሎ ኑዛዜውን አነበበልኝ። ኮተቤ ያለው ቤታችን ለልጃችን ለሰላም ሲሆን፣ «አላባው ለባለቤቴ ይሁን» ይላል። አላባ ምንድን ነው? ወንድሙም አያውቀው። ቤቱን ነፍጎኝ ስሙን እንኳ የማላውቀውን ነገር ተወልኝ ብዬ ሆድ ባሰኝ፤ ቃሉ ግን ሲከነክነኝ ሰነበተ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከሰላም ጋር እዚሁ በምንኖርበት የባሕር ማዶ ከተማ ሲዋርድ ሰፈር ወዳሉት ጋሽ ታደሰ ቤት ሄድን። አገር ቤት ዳኛ ነበሩ። «ቤቱ የልጅሽ ነው» አሉኝ፤ «ጥቅሙ ግን እስከ ዕለተ ሞትሽ ያንቺ ነው። ብትፈልጊ ኑሪበት፣ ብትፈልጊ አከራይተሽ ኪራዩን ብዪ። ማንም አያስወጣሽም። ቤቱን መሸጥ ግን አትችዪም።»

«ታዲያ አላመነኝም ማለት አይደል?»

«እሱማ በደንብ ያውቅሻል! አንድ ዘመድ ስልክ ላይ ቢያለቅስብሽ ሸጠሽ አትሰጪውም?»

ሰላም ከጎኔ «ሺ ቶታሊ ዉድ!» በእንግሊዝኛ «አሳምራ ነው የምትሰጠው!» ብላ በሳቅ ፈነዳች። እኔም ሳቅሁ፤ ባለቤቴ ከተቀበረ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። «ተይ እንጂ፣ አንቺ ሴት!» ሲለኝ የሰማሁት መሰለኝ።