ከወርቅ ሚዛን የወጣችው ባትሪ

አሶሳ ባለው ቢሯችን የመገናኛ ሬዲዮ ላይ የምሠራው እኔ ነኝ። ሬዲዮው መብራት በጠፋ ቁጥር የሞላሁለትን ቻናል ሁሉ እየረሳ አሰለቸኝ። ከፍቼ ሳየው ለካ ውስጡ ያለችው፣ እንዳይረሳ የምታደርገው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ሞታለች። ገበያውን ሁሉ ዞሬ አጣሁ። ጎረቤታችን ወርቅ ገዢው ሃጂ አደም አዘኑልኝና የሚዛናቸውን ባትሪ አውጥተው ሰጡኝ። "ውሰድ፣ እኔ ሌላ ከባምባሲ አስመጣለሁ። ወላሂ መልስ አልልህም" አሉኝ።

ባትሪዋን ቀይሬ ቻናሎቹን እንደገና ሞላሁና ሊያዩ ቢሯችን በመጡት ሃጂ ፊት ገመዱን ነቅዬ ሰካሁት። አንዱንም አልረሳም። ሃጂ ኮራ አሉ። ወርቋን ልታስመዝን መጥታ እሳቸውን ተከትላ የገባች ዓሻ የምትባል ወርቅ አጣቢ ግን ዓይኗን ከሬዲዮው አልነቀለችም።

"ይሄ ባትሪ ነው የሚያስታውስ?" አለችኝ።

"አዎ፣ እሷ ካለች ምንም አይረሳም።"

"ከሃጂ ሚዛን የወጣው?"

"አዎ።"

ወንበር ስባ ሬዲዮው አጠገብ ተቀመጠች። "እንግዲያ ጠይቅልኝ። ባለፈው ያመጣሁት ወርቅ ስንት ግራም ነበር?"

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ሃጂን አየኋቸው። እሳቸው አይስቁም። እጃቸውን ዘርግተው፣ "ልጄ፣ ባትሪዬን መልስ" አሉኝ።