ኑዋዲቡ ድረስ ሄደን ቆመን የጠየቅናት ልጅ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ ለጋብቻ ሽማግሌ ሆኖ የተላከ ሰው ዝም ብሎ ገብቶ ሶፋ ላይ አይዘረጋም። ይቆማል! ተቀመጡ ሲሉት «የመጣንበትን ሳትሰሙን አንቀመጥም» ይላል፣ ጠጡ ሲሉት «መልሳችንን ሳናገኝ አንቀምስም» ይላል፣ ቆሞ ነው ልጅ የሚጠይቀው። አሁን እናንተ ቴክስት ትደራረጋላችሁ፣ እሱም ይሁን። እኔ የምነግራችሁ ግን ይህንኑ ልማድ ይዘን ከካልጋሪ ተነስተን አትላንቲክ ዳር ድረስ፣ ሰሃራው ከባሕሩ ጋር የሚገጥምበት፣ ኑዋዲቡ የሚባል የሞሪታኒያ ወደብ ድረስ የሄድንበትን ነው። ሳቂ፣ ሳቂ፣ ገና ምን ሰማሽና!

ጊዜው ዳውንተርን ነው። የነዳጅ ዘይት ዋጋ የወደቀ ጊዜ፣ እናንተ ልጆች ነበራችሁ። እኔ የዘይት ታንከር የሚሠራ ሾፕ ውስጥ ዌልደር፣ በያጅ ነበርኩ፣ እና አንድ ሰኞ ጠዋት ሱፐርቫይዘሩ ጠራኝና «ሳልህ፣ አይም ሶሪ» አለኝ። በቃ፣ ሌይኦፍ፣ ከሥራ ወጣሁ። ታዲያ አፈርኩ። ወላሂ አፈርኩ። መስጊድ ስሄድ «ሥራ እንዴት ነው?» ሲሉኝ «ቫኬሽን ላይ ነኝ» እላለሁ፣ አራት ወር ሙሉ ዕረፍት! እውነቱን ባለቤቴ ብቻ ናት የምታውቀው። ጠዋት ጠዋት ማርልቦሮ ሞል ሄጄ ቁጭ እላለሁ፣ እዚያ ብሄድ ደግሞ እንደኔው ቫኬሽን ላይ ያለ ሐበሻ ወንበሩን ሁሉ ሞልቶታል።

ታዲያ አንድ ቀን ጎረቤታችን ዘይነባ መጣች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ አንድ ልጇ ጀማል እዚሁ ካልጋሪ የተወለደ ነው፣ ኢንጂነር። እሱንም ሌይኦፍ አድርገውታል። ጀማል ዩኒቨርሲቲ እያለ መሪየም የምትባል ለትምህርት የመጣች የሞሪታኒያ ልጅ ወዶ፣ እሷም ወዳው፣ ትምህርቷን ስትጨርስ አገሯ ተመለሰች። አባቷን ቢጠይቁት «ልጅ በስልክ አይሰጥም፣ ቤተሰቡ ይምጣና ፊቱን አይቼ ላውራው» አለ። እና ዘይነባ እያለቀሰች «ጋሼ ሳልህ፣ አባቱ የሉም፣ ዓረብኛ የሚችሉት ደግሞ አንቱ ነዎት» አለችኝ። እውነት ነው፣ እኔ አሰብ ወደብ ነው ያደግሁት፣ አማርኛውን ትምህርት ቤት ተማርኩት፣ ዓረብኛውን ከመርከበኛ ጋር ስጣላ። «መቼ ነው ታዲያ ከሥራ ፈቃድ የሚያገኙት?» ስትለኝ ምን ልበላት? «ቫኬሽን ላይ ነኝ» አልኳት! አያችሁ ውሸት እንዴት እንደሚጠቅም? ቆይ፣ ቆይ፣ ወደዚያ እንደርሳለን።

ሁለተኛው ሽማግሌ ሐጂ ኑሩ ነው። ሐጂን ታውቁታላችሁ፣ የደሴው፣ ታክሲ የሚነዳው። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ የሽማግሌዎቹ አፍ እሱ ሆነ፣ እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። እሱም ዓረብኛ አለው፣ ግን የቂርአት፣ የቁርአን ዓረብኛ ነው፣ ሰው ፈጠን ብሎ ሲያወራ አይዝለትም። ገና አውሮፕላን ውስጥ ሳለን ጀማል «ጋሼ፣ አይም ሶ ነርቨስ፣ ላይክ፣ ስለ ጆቤ፣ ስለ ሥራዬ ከጠየቁ ምን ትሏቸዋላችሁ?» አለ። ሐጂ ደረቱን መታ፣ «ለእኔ ተወው! ሽማግሌ የሚላከው ለምን ሆነና? አሳምሮ ሊናገር አይደለም?» አለው።

ካዛብላንካ አድረን በትንሽ አውሮፕላን ወደ ኑዋዲቡ ሄድን። ልጆች፣ በመስኮት ሳየው ልቤ ቆመ! በአንድ በኩል አሸዋ፣ አሸዋ፣ ሌላ ምንም የለም፣ በሌላ በኩል ባሕር፣ መሐል ላይ ቀጭን መሬት፣ እዚያች ላይ ከተማ። «ሐጂ፣ አሰብ ነው እንዴ ያመጡን?» አልኩት። ወርደን በሩ ሲከፈት ያ የጨውና የዓሣ ሽታ መጣ፣ ያ የማውቀው ሽታ! ግን ሙቀቱ የአሰብ አይደለም፣ በረሃ ነው ስትል ነፋሱ ጃኬት ያስለብሳል። እና ወደቡ! ቀለም የተቀቡ ረጃጅም የእንጨት ጀልባዎች፣ መቶ አይደሉ ሁለት መቶ፣ ጎን ለጎን ታጭቀው እግርህን ሳታርስ ከአንዱ ወደ አንዱ ትራመዳለህ። ኦክቶፐስ፣ ያንን ባለ ስምንት እጅ የባሕር እንስሳ የሚይዙበት ማሰሮ የሚመስል የፕላስቲክ ዕቃ፣ ቤት አክሎ ተከምሯል። ፍየሎቹ ካርቶን ይበላሉ። ብረት የጫነ ባቡር ደግሞ ያልፋል፣ ያልፋል፣ አያልቅም፣ ሐጂ ፉርጎውን መቁጠር ጀምሮ ደከመውና ተወው።

ታዲያ ወደ ልጅቷ ቤት ስንሄድ መንገዱ በባሕሩ ዳር ነው። እኔ ነጭ ሸሚዜን ለብሼ፣ ሱሪዬን ተኩሼ፣ ሽማግሌ ነኝ እኮ! ማዕበሉን ሳየው አልቻልኩም። ጫማዬን ወርውሬ ገባሁ፣ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ስንት ዘመን ባሕር አላየሁም፣ ይህን ቦው ወንዛችንን ባሕር ካላላችሁት በቀር። ሐጂ ከዳር ሆኖ ይጮሃል፣ «አንተ ሰው! ልጅ ልንጠይቅ ነው እኮ የመጣነው! ውጣ!» «እወጣለሁ፣ አንዴ ብቻ!» «ሱሪህ! ሱሪህን እየው!» እኔ ወዲያ እስቃለሁ። እንዲህ ስቄ አላውቅም፣ ሌይኦፍ ከሆንኩ ወዲህ ጥርሴ የታየው ያን ቀን ነው።

ጀማልን፣ ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይገባምና፣ ያረፍንበት ትተነው ሁለታችን ሄድን። ቤቱ ወንበር የለውም፣ ወለሉ ሁሉ ምንጣፍ ነው፣ ዙሪያውን መከዳ። አባትየው ሲዲ ይባላል፣ የዓሣ ጀልባ ካፒቴን፣ ቀጭን፣ ሰማያዊ ሰፊ ልብስ የለበሰ፣ ፊቱ በጨው የተቀቀለ። እናትየው ፋቲመቱ፣ ግዙፍ፣ ባለ ግርማ ሴት፣ ከራስ እስከ እግር በቢጫ ጨርቅ ተጠቅልላ ሻይ ታፈላለች። ሻዩን ከላይ ወደታች ታንቆረቁረዋለች፣ ከብርጭቆ ብርጭቆ ትገለብጠዋለች፣ አረፋውን ብታዩት!

ሲዲ «ተቀመጡ» አለ። ሐጂ ጎኔን ነካ አደረገና በአማርኛ «አንቀመጥም በለው» አለኝ። አልኩት። ሲዲ ፈገግ ብሎ «ደክሟችኋል፣ ተቀመጡ» አለ። ሐጂ አሁንም «ጉዳያችንን ሳትሰሙን አንቀመጥም!» አለ፣ ድምፁን ደሴ ያለ ይመስል ከፍ አድርጎ። ፋቲመቱ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ዘረጋችለት። ሐጂ ሁለት እጁን ወደ ኋላው አጣመረ! «አንቀምስም በላት!»

ታዲያ ልጆች፣ የዚያ አገር ሰው ሦስት ብርጭቆ ሻይ ሳያጠጣህ ስምህን እንኳ አይጠይቅህም። ተቀምጠህ ነው የሚጠጣው፣ ሦስቱንም። እኛ ምን እናውቃለን? ሲዲ ፊቱ ጠቆረ። አንዴ ሐጂን አየ፣ አንዴ ብርጭቆውን አየ፣ ጫማውን አጠለቀና ከቤቱ ወጣ። ወጣ በቃ! ከመጋረጃው ጀርባ የሴት ልጅ ድምፅ «ያ ረቢ!» ሲል ሰማሁ። መሪየም ናት። ከካናዳ ድረስ መጥተን በአንድ ብርጭቆ ሻይ ጀማልን ልጅቷን ልናሳጣው!

ሐጂን «ተቆጣ እኮ!» ብለው «እምቢታ ነው፣ የመጀመሪያ ቀን እምቢ ማለት ወግ ነው፣ ዝም ብለህ ቁም» ይለኛል። ፋቲመቱ ግን ዓይኗን ተከለችብኝ፣ «አንተ፣ ሱሪህ የረጠበው፣ ቤታችን ምን አስጠልቷችሁ ነው የማትቀመጡት?» አለችኝ። እኔም በዚያ በወደብ ዓረብኛዬ ቀስ ብዬ «እናቴ፣ አስጠልቶን አይደለም። በእኛ አገር ልጅ የሚጠይቅ ሰው መልስ ሳያገኝ እግሩን አያሳርፍም። የቆምነው ለልጃችሁ ክብር ነው» አልኳት። ፈዛ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች! ትከሻዋ እስኪርገበገብ ሳቀችና በመስኮቱ ጮኸች፣ «ሲዲ! ሲዲ! ና ግባ! ሰዎቹ የቆሙት ለልጅህ ነው!»

ሲዲ ተመለሰ። ነገረችው። ከእግር እስከ ራሴ አየኝ፣ «ይህ ሱሪህስ? ይህም ወጋችሁ ነው?» አለ። «የለም፣ ባሕር ገብቼ ነው።» «በልብስህ?» «ወደብ ነው ያደግሁት፣ ሳየው አላስቻለኝም።» ጢሙ ሥር ፈገግታ ያየሁ መሰለኝ። ግን አልተቀመጠም። «በቤቴ እንግዳ ቆሞ እኔ ልቀመጥ አልችልም» አለና እሱም ፊት ለፊታችን ቆመ። ፋቲመቱ ደግሞ ባሏ ቆሞ ትቀመጥ? ብርጭቆዋን እንደያዘች ተነሳች። አራት ሰው፣ ያ ሁሉ መከዳ ባዶውን ተዘርግቶ፣ አራታችንም ቆመን! የእኔ ጉልበት ደግሞ ሠላሳ ዓመት ለብየዳ ሲንበረከክ የኖረ ጉልበት ነው።

ሐጂ ልመናውን ተናገረ፣ ተረጎምኩ። ሲዲ የጀማልን ዘር፣ ሃይማኖት፣ ጸባይ ጠየቀ፣ መለስን፣ ሁሉም ጥሩ ሄደ። ከዚያ ሲዲ «ሥራው ምንድን ነው?» አለ።

ለሐጂ ተረጎምኩለት። ሐጂ ይህችን ጥያቄ ሲጠብቅ ነው የኖረው! ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ፣ «ኢንጂነር ነው በለው! ኩባንያው ያለ እሱ አንድ በርሜል አያወጣም በለው! አለቆቹ ሳያማክሩት ስብሰባ አይገቡም በለው! ቤቱ ስካይቪው ራንች ሰፈር ነው፣ አዲስ ነው፣ ባለ ሁለት መኪና ጋራዥ ነው በለው!» እየሳቀ፣ እጁን እያወዛወዘ።

ሲዲ ዓይኔን ያያል። እና ያ አራት ወር ሙሉ ስለው የኖርኩት «ቫኬሽን ላይ ነኝ» ጉሮሮዬ ላይ መጣ። ይህ ሰው ልጁን አምኖ ሊሰጠን ነው፣ እኛ ደግሞ የሌለ ጋራዥ ልንሸጥለት ነው። አልሆነልኝም። አፌን ከፈትኩና በወደብ ዓረብኛዬ ፈጠን ፈጠን ብዬ እንዲህ አልኩት፦ «ልጁ ኢንጂነር ነበር። አገራችን የዘይት ዋጋ ወደቀና ከሥራ ወጣ። የሚኖረው እናቱ ምድር ቤት፣ ቤዝመንት ውስጥ ነው። ጠዋት ሥራ ይፈልጋል፣ ከሰዓት በኋላ የእናቱንም የጎረቤቱንም በረዶ ይጠርጋል፣ የእኔንም ጭምር። እኔም ከሥራ ወጥቻለሁ። ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።» አልዋሻችሁም፣ ላቤ በግንባሬ ወረደ። ሐጂ አጠገቤ ቆሞ በእያንዳንዱ ቃል «አዎ! አዎ!» እያለ ራሱን ይነቀንቃል!

ነፋሱ በሩን ይደበድባል። ሲዲ ወደ እኔ ጠጋ አለና «ጓደኛህ ይህንን ሲናገር እየሳቀ ነበር። አንተ ግን አላበህ። ካናዳ ውስጥ ከሥራ መውጣት እንዲህ ያስቃል?» አለኝ።

መሬት ብትከፈት በገባሁ።

«ሥራ እንደሌለው ልጄ ነግራኛለች» አለ። «ያንን ዐውቅ ነበር። ያላወቅሁት ልጄን የምልክላቸው ሰዎች እውነት ተናጋሪ መሆናቸውን ነበር።»

ከዚያ ልጆች፣ ያ ካፒቴን ሰፊ ልብሱን ሰብሰብ አደረገ፣ ዓይኑን ከዓይኔ ሳይነቅል ዝቅ አለ፣ ዝቅ አለና ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ። እሺ አላለም፣ ቃል አልወጣውም፣ ተቀመጠ በቃ! በእጁም ምንጣፉን መታ መታ አደረገ፣ ከጎኑ። ፋቲመቱ እልል አለች፣ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ነገር ወድቆ ሲሰበር ተሰማ፣ መሪየም ወጥታ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እኔ ቁጭ ስል ጉልበቴ ሲንቋቋ ቤቱ ሁሉ ሰማው። ሦስቱንም ብርጭቆ ጠጣሁ፣ አራተኛም አስቀዳሁ። ጀማል ሲደወልለት በዚያ አሸዋ ላይ እየሮጠ መጣ፣ አንድ ጫማው መንገድ ላይ ቀርቶ። እና ስመለስ መስጊድ ውስጥ «ሥራ እንዴት ነው?» ሲሉኝ «ሥራ የለኝም፣ ካያችሁ ንገሩኝ» አልኩ። ከጠየቁኝ ሦስት ሰዎች ሁለቱ «እኛም» አሉኝ። ያን ያህል ቀላል ነበር እኮ፣ ራሴን ነው ያሰቃየሁት።

«ጋሼ፣ ሐጂስ? ንግግራቸውን እንዳልተረጎሙላቸው ነገሯቸው?»

ጥሩ ጠየቅሽ! ሐጂማ እዚያው ምንጣፉ ላይ ጆሮዬ ውስጥ «አየህ? አየህ? ጋራዧ ናት የጣለችው!» አለኝ። እስከ ዛሬ ሠርግ በሄደ ቁጥር «ያቺን የበረሃ ልጅ በምላሴ ነው ያመጣኋት» ይላል። እናንተ ብትሆኑ ትነግሩት ነበር? እኔ አልቻልኩም፣ እንዲያ ደስ ብሎት እያየሁት እንዴት ብዬ... እሽሽ! መኪናው ቆመች፣ መጣ፣ መጣ። ሐጂ! ግባ፣ ግባ! ስለ ምላስህ ነው የማጫውታቸው!