ሰም የተቀባ ክር

ግቢ፣ ግቢ እህት ዓለም። ደጅ ላይ ምን ያስቆምሻል? ቀሚሱን ይዘሽው መጣሽ? ጎሽ። ልበሺውና እዚያ መስታወቱ ፊት ቁሚልኝ፤ እጅሽን ዘርጋ አድርጊ። ስድስት ወር ሞላሽ ማለት ነው? ጊዜው እንዴት ይሮጣል። ከግራና ከቀኙ አራት አራት ጣት እለቅልሻለሁ፤ ስሰፋው ትርፍ ጨርቅ ትቼበት ነበር። ለሰው ልብስ ትርፍ መተው አውቅበታለሁ… ለራሴ አፍ ነው እንጂ ያልተውኩለት።

አትነቃነቂ፣ መርፌ ይወጋሻል። በከንፈሬም ሦስት ይዣለሁ፤ ስለዚህ የምናገረው ነገር ቢወጋሽ ከመርፌው ነው እንጂ ከእኔ አይደለም።

እቤት ሁሉም ደኅና? ማንንም ለይቼ አልጠየቅኩም፣ በጅምላ ነው። የባልሽን ስም አልጠራም፤ አንቺ በቀን መቶ ጊዜ ስለምትጠሪው ይበቃዋል። እንዲያ ያለ ሰው እኮ ዛሬ አይገኝም። ሠላሳ ዓመት ክር ስጎትት የኖርኩት እኔ ያላወቅኩትን፣ ማሰሪያ ያለው ጫማ እንኳ አድርጎ የማያውቅ ሰው አወቀው። ይህ ስጦታ ካልሆነ ምን ይባላል? እኔ በበኩሌ አደንቀዋለሁ… ከልቤ ነው። ምን ያስቅሻል?

የወንዙን ነገር ከአባባ ሰምተሻል። አባባ ግን ሲያወራው የእኔን ጥፋት ያሳጥርልኛል፣ አባት ነዋ። እኔ ልሙላልሽ። የአባባ የዓሣ ዘንግ ገመዱ ወፍራም ነው፤ የሚወረወረውም በዚያ ክብደቱ ነው። ዓሣው እንዳይነቃ ደግሞ ከጫፉ ላይ ውሃ የመሰለች ቀጭን ክር ትቀጠልለታለች፤ መሪ ነው የሚሏት። ከመሪዋ ጫፍ ከላባ የተሠራችው ዝንብ፣ ከዝንቧ ሆድ ሥር መንጠቆው። እንግዲህ ጣጣው ወፍራሙን ከቀጭኑ ማገናኘቱ ላይ ነው። አንደኛው መንገድ ምስማር አስጠግተሽ ቀጭኗን ስድስት ጊዜ መጠምጠም፣ ጫፏን በውስጥ ማሾለክ፣ ከዚያ ምስማሩን መዝዞ ማጥበቅ ነው። ቋጠሮው ትንሽ ስለሆነ የትም አይያዝም፤ የባለሙያ ነው። ሌላው ሁለቱንም ጫፍ ቀለበት አድርጎ አንዱን ባንዱ ማሾለክ ነው። እሱ የሰነፍ ነው… ብዬ ነበር። ጮክ ብዬ። በሰው ፊት።

ያ መልካም ሰው ወንዙ ዳር ቁጭ ብሎ፣ በዚያ በለስላሳ ድምፁ፣ «የአባባ ዐይን ደክሟል፤ ቀለበቱ ቢሆን መቀየሩም ይቀላቸዋል» አለ። አንዴ ብቻ ነው ያለው። እኔስ ምን አልኩ? «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ቋጠሮ አታስተምረኝ።» እሱ ፈገግ ብሎ ዝም አለ። ዝምታ ወርቅ ነው ይሉ የለ? በዚህ አያያዙ ከእኛ ሁሉ ሀብታም እሱ ነው።

ታዲያ እኔ ጠንቃቃው፣ ቁልፍ ስተክል እንደለመድኩት፣ መሪዋን ከመጠምጠሜ በፊት ሰም ቀባኋት። ምን ላድርግ፣ እጄ ሳይጠይቀኝ ነው የሚቀባው። ሰም የነካው ክር አይተበተብም፣ በጨርቅ ውስጥ ሹልክ ይላል። አዎ… ሹልክ ይላል። በጨርቅ የሾለከ ክር በቋጠሮም እንደሚሾልክ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልገባው ልብስ ሰፊ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አሁን ወገብሽን እየለካ ነው።

አባባ ያን ዓሣ፣ ከትልቁ ድንጋይ ሥር የሚውለውን፣ ሦስት ዓመት ነው የጠበቀው። ያዘለት። ዘንጉ ጎበጠ፤ አባባ «ና፣ ና አይዞህ» እያለ እንደ ሕፃን ያባብለዋል። ከዚያ ዘንጉ ቀጥ አለ። ገመዱ ባዶውን ተመለሰ፣ መሪዋም ዝንቧም ከዓሣው ጋር ሄዱ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ የእኔ ድር አንድ ዓሣ አቃተው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ደግሞ፣ ቋጠሮዬ ለቀቀና ሞኙ ብቻዬን ቀረሁ። አባባ የገመዱን ጫፍ ዳሰሰው፣ አሸተተው፣ «ሰም» አለ። ያቺ ቃል ናት የምታቃጥለኝ።

ያ ደግ ሰውስ ያኔ ምን አለ መሰለሽ? ምንም። «ነግሬህ ነበር» ቢለኝ ተሰዳድበን፣ ተኳርፈን፣ እስከ ምሳ ታርቀን ነበር። እሱ ግን እንዲያ ያለ ጭካኔ የለበትም… የራሱን ዘንግ ለአባባ አቀበለና አዲስ መሪ ቀለበት በቀለበት አሾለከበት፤ ምራቄን እስክውጥ እንኳ አልፈጀበትም። አባባ መዳፍ የምታህል ዓሣ አወጣና «ተባረክ ልጄ» አለው። እኔን አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ «አንተ» ነው የሚለኝ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ አባባ ዕድለኛ ነው፣ ዓሣ ጎርጉሮ ወንድ ልጅ አወጣ። ቅናት ነው ልትዪኝ ነው? አዎ፣ ቅናት ነው። በዚህ ዕድሜዬ ምን ልሸሽግሽ።

እስቲ ዙሪ። በቃ፣ እንደዚያ።

ከገባሽ ጀምሮ ዐይንሽ ከበሩ ኋላ ከቆመው ዘንግ ላይ እንዳልተነቀለ አይቻለሁ። ቀሚሱማ ሌላ ሁለት ሳምንት ያደርስሽ ነበር። ላስተካክለው ብዬ ያመጣሁትን የራሱን ዘንግ አባባ «ከሱ ቤት አምጪው» ብሎሻል፤ ማን እንዲያስረው እንደሆነ አትንገሪኝ። እሁድ ጠዋት ሁለቱ ወንዝ ይሄዳሉ። ከእሁድ በኋላ አባባ በዚያ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ እንዳይቆም ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮታል፤ የመጨረሻው ነው። እኔ አልተጠራሁም። ደግ አደረገ፣ እኔም ብሆን ራሴን አልጠራም።

ውሰጂው። ጫፉን ግን ልብ ብለሽ እዪው… ትናንት ከሰዓት ምስማሩን ወዲያ ጥዬ ቀለበት ሠራሁለት። ወፍራሙን ገመድ አጥፌ፣ በቀጭን ክር ዙሪያውን ጠምጥሜ ሰፋሁት፤ መሪዋንም አሾለክሁበት። ሰም ያልነካው የመጀመሪያ ስፌቴ እሱ ነው። ካውያውን አንጠለጠልኩበት፣ አልለቀቀም። ሁለተኛ አንጠለጠልኩ። የሰነፍ ሥራ ለካ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ደንበኛ ሱሪውን ሊወስድ መጥቶ ካውያዬ ከዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ ሲያይ፣ ሌላ ቀን እመለሳለሁ ብሎኝ ሄደ።

ለአባባ ግን እኔ እንዳሰርኩት እንዳትነግሪው። ካወቀ እሁድን በሙሉ ጫፉን ሲያሸት ነው የሚውለው፣ ዓሣው ያመልጠዋል። ያ መልካም ሰው አሰረው በዪው። እሱም ቢሆን መዋሸት አይኖርበትም… ሲመሰገን ዝም ይበል፤ ዝም ማለት እንደሆነ ሙያው ነው።

በይ፣ ቀሚሱን ቀስ ብለሽ አውልቂው፣ መርፌው እንዳለ ነው። ነገ ታገኚዋለሽ። ስትወጪ የዘንጉ ጫፍ በሩን እንዳይነካ ዝቅ አድርጊው፣ ሆድሽንም ጠብቂ።

እግዜር በሰላም ይገላግልሽ፣ የኔ እህት። ሴት ከሆነች አንቺን ትምሰል። ወንድ ከሆነ ደግሞ… ቁርጥ አጎቱን ይምሰል። አባቱ አርጅቶ ዐይኑ ሲደክም ክር የሚያስርለት ልጅ አያጣም። አሜን በይ እንጂ።